ሄልሜት አድርጌ ነበር

ስለ እኔ ሁለት ወሬ አለ። አንዱ «ሄልሜት ያተረፈው እንድሪስ» ይላል፤ ሌላው «ሄልሜት ሊገድለው የነበረው እንድሪስ» ይላል። ሁለቱም መርሳ ውስጥ ይወራሉ፤ አንዳንዴም በአንድ ቀን ከአንድ ሰው አፍ ይወጣሉ። ሁለቱም አሰልችተውኛል። ይህን የምጽፈው ከእንግዲህ መንገድ ላይ ለሚያስቆመኝ ሰው «ጽፌዋለሁ፣ አንብበው» ብዬ ለማለፍ ነው። ደግሞም ወድቆ ተነስቶ፣ አቧራውን አራግፎ «ደህና ነኝ» ያለ ሰው ካነበበው ምናልባት እኔ ያባከንኳቸውን ሳምንታት አያባክንም።

ሥራዬ የእርሻ ሙከራ ነው። ሲሪንቃ አካባቢ በሙከራ ማሳ ላይ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ሥራውን ለማያውቅ ልንገር፦ አንድ አዲስ የማሽላ ዘር ከነባሩ ይሻል እንደሆነ ለማወቅ ማሳውን በትንንሽ መደብ እንከፍላለን። የትኛው ዘር የትኛው መደብ ላይ እንደሚዘራ በዕጣ እንወስናለን። ነባሩንም ከጎኑ፣ በዚያው አፈርና በዚያው ዝናብ እንዘራዋለን። እሱን ማነጻጸሪያ እንለዋለን። ማነጻጸሪያ የሌለው ሙከራ ሙከራ አይደለም፣ ወሬ ነው። ይህን ለገበሬውም፣ ለተማሪውም፣ ቤት ውስጥ ለባለቤቴ ለዘሀራም ስደጋግም ኖሬያለሁ። በራሴ ላይ ሲመጣ ግን ረሳሁት።

ጦርነቱ እኛ ዘንድ ደርሶ ወልድያም መርሳም በተያዙ ጊዜ መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ፣ ነዳጅ አለቀ። ባጃጆች በየግቢው ሸራ ለብሰው ቆሙ። የዘሀራ ወንድም ከድር ባጃጅ ነጂ ነበር፤ እሱም ከሰው ብስክሌት ተውሶ ዕቃ ማመላለስ ጀመረ። እኔ ብስክሌት ከድሮም ነበረኝ። ሄልሜትም ነበረኝ፤ ለሥልጠና የመጣ አንድ እንግዳ ሲመለስ የተወልኝ ነው። ብስክሌት ላይ ሄልሜት የሚያደርግ በመርሳ እኔ ብቻ ስለነበርኩ «ቅል የደፋው ሰውዬ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

እናቴ የምትኖረው ወልድያ ነው። ስልክ ከጠፋ በኋላ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳላውቅ ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት አልቻልኩም፣ ብስክሌቴን ይዤ ወጣሁ። ዳገቱን እየነዳሁም እየገፋሁም ደረስኩ። ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ምስር ስትለቅም አገኘኋት። ቀና ብላ አየችኝና «ምነው እንዲህ ከሳህ?» አለች፤ በአገሩ ሌላ ነገር የሆነም አትመስል። አልቅሼ፣ ስቄ፣ ከእሷ ጋር ምሳ በልቼ ከሰዓት በኋላ ወደ መርሳ ተመለስኩ።

ከሲሪንቃ አለፍ ብሎ ቁልቁለት አለ። አስፋልቱን ከባድ መኪና ፈነቃቅሎት ነበር፤ ጉድጓዱን ያየሁት ከገባሁበት በኋላ ነው። በቀኝ ጎኔ ወደቅሁ። ራሴ መሬቱን ሲመታ ድምፁን እንጂ ሕመሙን አላስታውሰውም። ተነስቼ ሄልሜቱን ሳወልቀው ከቀኝ ጆሮ በላይ ተሰንጥቋል። ውስጡ ያለው፣ ከቴሌቪዥን ካርቶን የሚወጣውን የመሰለ ነጭ ፎም ተጨፍልቋል። ራሴን ዳበስኩት፤ ደም የለም፣ እብጠትም የለም። ክርኔ ብቻ ተልጧል። ብስክሌቱን እየገፋሁ ቤቴ ገባሁ።

ከድር ሄልሜቱን እያገላበጠ አየና «አልሐምዱሊላህ! ይኸ ነገር ባይኖር ዛሬ ጀናዛህን ነበር የምናጥበው፣ አያ እንድሪስ» አለኝ። ጎረቤቱም ተራ በተራ እየመጣ አየ። ሲስቁብኝ የነበሩት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። የተሰነጠቀውን ሄልሜት ግድግዳ ላይ ሰቀልኩትና ለመጣ ሁሉ ስብከት ጀመርኩ። አንድ መደብ፣ አንድ ጊዜ፣ ያለማነጻጸሪያ! ከሥሬ የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለ ውጤት ይዞልኝ ቢመጣ ወረቀቱን ፊቱ ላይ ነበር የምመልስለት።

ሦስት ሳምንት ያህል ምንም አልተሰማኝም። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ራሴን ያመኝ ጀመር። ጎንበስ ስል ይብሳል፣ ቀና ስል ያዞረኛል። የበላሁትን ያስታውከኛል። እንቅልፍ በጠራራ ፀሐይ ይጥለኛል። በዚያ ላይ ጠባዬ ተለወጠ፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄን ሀያትን በር በኃይል ዘጋሽ ብዬ የተቆጣኋትን ቁጣ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። ዘሀራ «አንተ ሰው፣ ምን ነካህ?» ስትለኝ «ምን ያልነካኝ አለ!» ብዬ እጮህባት ነበር። እውነትም በዚያን ጊዜ ምን ያልነካው ሰው ነበር?

መጀመሪያ የሄድኩት እዚያው መርሳ፣ በሩ ወዳልተዘጋ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ነው። ጤና መኮንኑ ደግ ሰው ነው፤ ደም ወስዶ አየና ታይፎይድ ነው አለኝ። «በቅርቡ ወድቀህ፣ ተመትተህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቁን አልክድም። እኔ ነኝ «ወድቄ ነበር፣ ግን ሄልሜት አድርጌ ነበር» ያልኩት፤ ያውም በኩራት። «እንግዲያ ራስህ ደህና ነው» አለና ወደ ሌላው ጥያቄ አለፈ። እኔም አለፍኩ። የታይፎይዱን መድኃኒት ጨረስኩ፤ ሕመሙ ግን እኔን አልጨረሰም ነበር።

ሁለተኛው ወልድያ ነው። በፈረስ ጋሪ ተጭኜ፣ በየጉድጓዱ ራሴ ሊፈነዳ እየደረሰ ሄድኩ። ሕክምና ቤቱ መብራት የለው፣ መድኃኒት የለው፤ ሠራተኞቹ ባዶ እጃቸውን የሚሮጡ ነበሩ። ወረፋው ከአግዳሚው ተርፎ ግቢው ውስጥ ፈስሷል። አጠገቤ እግራቸው ያበጠ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ዓይኔን ጨፍኜ ግድግዳው ላይ ስደገፍ አይተው «ልጄ፣ ግድግዳው ይቀዘቅዛል፤ እኔን ተደገፍ» አሉኝ። ተደገፍኳቸው። ተራቸው ሲደርስም «የእኔ እግር የትም አይሄድም፤ እሱ ይቅደም» አሉ።

«ኧረ አባባ፣ እርስዎ ይግቡ» አልኩ።

«ግባ ስልህ ግባ! የፊትህን መልክ አይቼ ነው የምልህ።»

ገባሁ። ስለሚያስታውከኝ ጨጓራ ነው ተባለ። መውደቄን ስነግራቸው ያችኑ የተለመደች የሄልሜት ቃል ጨመርኩበት፣ እነሱም ያንኑ ራስ ነቀነቁልኝ። የሽማግሌውን ተራ ወስጄ ለጨጓራ ማዋሌ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሦስተኛ የሄድኩት አንዲት ነርስ ዘንድ ነው፤ እሷ ምርመራም አላስፈለጋት። «ጭንቀት ነው ወንድሜ። አሁን ራሱን የማያመው ሰው ካለ አምጣልኝ» አለች። እውነቷን ነው። ጦርነቱ የሰውን በሽታ ሁሉ ዋጥ አድርጎ በራሱ ስም ይጠራው ነበር። የሚያዞረውም፣ የሚያንቀጠቅጠውም፣ የሚያስታውከውም «ከጭንቀት ነው» ይባላል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው፤ ሆዴን ፈተሹ፣ ደሜን ፈተሹ፣ ሐሳቤን ፈተሹ። ራሴን የነካ አንድ ሰው የለም። በሩን የዘጋሁባቸው ግን እኔው ነኝ፤ በአንዲት ዓረፍተ ነገር።

እንዲህ እየሆንኩ አንድ ቀን መግሪብ ቤት ውስጥ ሰገድን። እኔ ከፊት፣ ዘሀራና ሀያት ከኋላዬ ናቸው። ሰላምታውን ስጨርስ ዘሀራ ዱዓዋን ሳታደርግ ዞራ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«እንድሪስ፣ እጅህን አንሳ።»

«ሰግደን ጨረስን አይደል እንዴ?»

«አንሳ ስልህ። ሁለቱንም ዘርጋ። መዳፍህን ወደ ላይ። ዓይንህን ጨፍን።»

ለመከራከር አቅም ስላልነበረኝ እንዳለችኝ አደረግሁ። ጥቂት ቆየችና «ግለጥ» አለች። ቀኝ እጄ እንደተዘረጋ ነው። ግራዬ ጭኔ ላይ ወርዷል። ወላሂ፣ አየር ላይ ያለ መስሎኝ ነበር።

«አላሁ አክበር ስትል ቀኝህ ጆሮህ ጋ ይደርሳል፣ ግራህ ትከሻህ ላይ ይቀራል» አለች። «ዛሬ አይደለም። ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው ሳየው። ዓይኔ ነው ብዬ ነበር።» ጣቷን ወደ እጆቼ ቀሰረች። «አሥራ አምስት ዓመት ማነጻጸሪያ፣ ማነጻጸሪያ እያልክ ጆሮዬን አደነቆርከው። ይኸው ማነጻጸሪያህ! ቀኝህ አንድ መደብ፣ ግራህ አንድ መደብ። የበሉት አንድ፣ የጠጡት አንድ። ታይፎይድ ቢሆን ሁለቱም አይደክሙም ነበር? ጨጓራ እጅ ይመርጣል? ጭንቀትስ ግራና ቀኝ ያውቃል?»

«ወድቄ ነበር፤ ግን ሄልሜት...»

«ሄልሜቱን ተወው! የታመመው ሄልሜቱ አይደለም!»

ሀያት ማልቀስ ጀመረች። እኔ ያን ጊዜ ነው መፍራት የጀመርኩት፤ እስከዚያ የታመመ ሰው ነበርኩ፣ ከዚያ በኋላ የሚሞት ሰው መሰለኝ።

ግን የት ይኬዳል? መንገዱ ዝግ ነው። ዘጠኝ ቀን ጠበቅን። በዘጠኙ ቀን ግራ እግሬም መጎተት ጀመረ፤ ሀያትን በእህቴ ስም ጠራኋት። ዘሀራ ሌሊት ሌሊት እየቀሰቀሰች «የማን አባት ነህ?» ትለኛለች፤ ስመልስላት ትተኛለች። መንገዱ በተከፈተ ማግስት ያለችንን ላም ሸጣ ሚኒባስ ላይ አሳፈረችኝ። ከድርም አብሮን መጣ።

ደሴ ያገኘነው ሐኪም በትንሽ መዶሻ ጉልበቴን መታ መታ አድርጎ «ራስህን ተመትተህ ነበር?» አለኝ። አፌን ስከፍት ዘሀራ ቀደመችኝ። «በጭንቅላቱ ነው የወደቀው፣ ዶክተር» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ሐኪሙ ከወንበሩ ተነሳ። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የመጀመሪያው ሰው እጁን ራሴ ላይ አደረገ። የሚፈልገው ማሽን በዚያን ሰዓት እሱ ዘንድ አይሠራም ነበርና ደብዳቤ ጽፎ «ዛሬውኑ አዲስ አበባ» ብሎ ሸኘን።

አዲስ አበባ ሲቲ ስካን ተነሳሁ፤ ራስን እንደ ሽንኩርት ስስ ስስ አድርጎ ከትፎ የሚያሳይ ራጅ ነው። ሐኪሟ ፎቶውን አቅርባ አሳየችን። በቀኝ በኩል፣ በአንጎሌና በሽፋኑ መካከል ደም ተጠራቅሞ አንጎሌን ወደ ግራ ገፍቶታል። የአንጎል ቀኝ ጎን ግራ እጅና ግራ እግርን ነው የሚያዘው። ስወድቅ አንጎል ውስጥ ለውስጥ ሲናወጥ ትንንሽ ደም ሥሮች ተበጥሰው፣ ጠብ ጠብ እያሉ በሳምንታት የሞሉት ነው። በዚያው ቀን ራሴን ላጭተው ሁለት ቦታ ቀዳዳ አወጡልኝ። የወጣው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይመስል ነበር አሉ። በማግስቱ ጠዋት ግራ እጄን አነሳሁ። እስከ ጆሮዬ። ዘሀራ ከአልጋው ግርጌ ቆማ ነበር፤ እንባዋን ሳትጠርግ «ድገመው» አለችኝ። ደገምኩት።

ሐኪሟ ስታሰናብተኝ ስንት ቀን ያብሰለሰልኩትን ጠየቅኋት። «ሄልሜቱ ጠቀመኝ ወይስ አልጠቀመኝም?»

«ያለ ሄልሜት የወደቀውን አንተን አላየሁትም» አለች። «የራስ ቅልህ አልተሰበረም። ሄልሜት ምቱን ይቀንሳል፤ አንጎል ውስጥ ለውስጥ መናወጡን ግን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። ያንተ ነገር ያለሱ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም።» በሕመሜ ዘመን ሁሉ «አላውቅም» ያለኝ ሐኪም እሷ ብቻ ናት፤ እጇን ልስም ምንም አልቀረኝ።

መርሳ ስመለስ እንደገና ሌላ በሽታ ጠበቀኝ፤ ወሬ። «አልሐምዱሊላህ፣ ሄልሜቱ» ሲል የነበረው ከድር የተላጨ ራሴን ካየ በኋላ «እኔ ያን ጊዜውንም ብያለሁ፤ ይኸ ነገር ሰው ያዘናጋል» ማለት ጀመረ። መቼ እንዳለ እሱና አላህ ያውቃሉ። ጭራሽ አንድ ጁምዓ ሁለት ዱባ ይዞ ግቢዬ ገባ። ሊፈትነው ነው! ለአንዱ ዱባ የእኔን የተሰነጠቀ ሄልሜት አሰረለት፣ ሌላውን ባዶውን ተወው። የድንጋይ ካቡ ላይ ወጥቶ ባለ ሄልሜቱን ድንጋይ ላይ ጣለው፤ ባዶውን ዶሮዎች የሚጭሩት ለስላሳ አፈር ላይ። ባለ ሄልሜቱ ተፈረከሰ። «አየህ አያ እንድሪስ?» አለኝ። ደሜ ፈላ። ሐኪሟ ከቁጣ ተጠበቅ ብላኝ ነበር፤ ከድርን ግን አታውቀውም። ዘሀራ ሁለቱንም ዱባ ወጥ ሠራቻቸው፤ ከዚያ ሙከራ የተገኘው ደህና ውጤት እሱ ብቻ ነው።

ከልብ የሚፈተን ከሆነ እንዲህ ነው፦ ዱባው ብዙ ይሁን፣ ክብደቱም ተቀራራቢ ይሁን። የትኛው ሄልሜት እንደሚያደርግ ዕጣ ይወስን፤ ከድር እንዳይመርጥ። ከአንድ ከፍታ፣ አንድ ዓይነት መሬት ላይ ይውደቅ። ለእያንዳንዱ ውድቀት አዲስ ሄልሜት ይምጣ፤ ፎሙ አንዴ ከተጨፈለቀ ሥራውን ጨርሷልና። ዱባውን ቀዶ የሚያየው ሰው የትኛው ሄልሜት እንደነበረው አይነገረው፤ ቅርፊቱን ብቻ ሳይሆን ፍሬው ያለበትን ውስጡንም ይይ። ይህን ሁሉ አድርገህ ያወቅኸው ስለ ዱባ ነው። ዱባ ብስክሌት ነድቶ ፍሬን አይዝም።

ስለ ሰው ማወቅ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሐኪም ቤት የመጡትን ልቁጠር ብትል፣ ወድቆ ራሱን ዳብሶ ቤቱ የገባው አይቆጠርም፤ መንገድ ላይ የቀረውም አይቆጠርም። ሄልሜት የሚያደርገውና የማያደርገው ሰውም አንድ አይደሉም። አንዱ ከፍጥረቱ ጠንቃቃ ነው፣ ሌላው ተጣዳፊ። ሄልሜቱ ራሱስ ሰውን አይለውጥም? እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው። ያን ቀን ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ለቅቄ ነበር። እናቴን በሕይወት አግኝቼ ልቤ ደስ ብሎታል፣ ራሴ ላይ ደግሞ ሄልሜት አለ። ባዶ ራሴን ብሆን እንደዚያ አልለቀውም ነበር። የከድር ወሬ እዚህ ላይ ግማሽ እውነት መሆኑ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

በማሽላ ላይ ዕጣ እጥላለሁ። ይህችኛዋ ልጅ ሄልሜት ታድርግ፣ ያችኛዋ ባዶ ራሷን ትንዳና ማን እንደሚጎዳ እንይ ብሎ በልጅ ላይ ዕጣ የሚጥል ግን ማን ነው? እኔ አልጥልም። ስለዚህ የማውቀው ይህን ብቻ ነው፦ አስፋልቱ ያን ፕላስቲክ ሰንጥቆታል፣ ያን ፎም ጨፍልቆታል። ያ ሁሉ ጉልበት በመጀመሪያ ያረፈው የእኔ አጥንት ላይ አልነበረም። ይህን አምናለሁ። ከዚህ አልፎ «ስለዚህ ደህና ነው» የሚል ሰው ቢኖር፣ ሐኪምም ይሁን ሸህ፣ አትስሙት። ከወደቃችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ጠዋት የሚብስ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ ያለጊዜው የሚመጣ እንቅልፍ፣ ከሁሉም በላይ የአንድ ጎን ድካም ካያችሁ ቶሎ ሂዱ። ሦስቱ ቢመልሷችሁ አራተኛው ዘንድ ሂዱ።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ነዳጅ ገና እንደልብ አልነበረም፤ ሀያት በእኔ ብስክሌት እንድትመላለስ ተስማማን። ከአዲስ አበባ የገዛሁላትን ሄልሜት ጭኗ ላይ አድርጋ አንድ ምሽት ፊቴ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ አጎቴ አታድርጊው ይላል። አንተ ደግሞ ሰው ሲጠይቅህ አይታወቅም፣ በደንብ አልተፈተነም ትላለህ። እኔ ጠዋት ትምህርት ቤት መሄድ አለብኝ። ላድርገው ወይስ ይቅር?»

ዘሀራ ከጓዳ ብቅ አለች፤ መልሴን ልትሰማ።

«አድርጊው» አልኳት። «ፍሬንሽን ግን እንዳላደረገ ሰው ያዢ።»

«ብወድቅስ?»

«ብትወድቂ፣ ሐኪም ፊት ሄልሜት የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ።»

«ውሸት አይሆንም?»

«አይሆንም። በጭንቅላቴ ወደቅሁ በይ፤ መጀመሪያ ራስሽን ይዩት፣ ሁለቱን እጅሽን ይዩት፣ አገላብጠው ይዩሽ። ደህና ነሽ ካሉሽ በኋላ የፈለግሽውን አውሪላቸው።»